ሽክ ማለትና መሽቀርቀር አንድ ነው እንዴ?

አቦ አንድ አይደለም! «ዘነጠ»፣ «ሽክ አለ»፣ «ተሽቀረቀረ» ሦስቱም አምሮ መልበስ ነው ብለሃል፤ እሺ። ግን እስቲ ለአማትህ «ዛሬ ተሽቀርቅረዋል» በላቸውና ምሳ ይሰጡህ እንደሆነ እናያለን። «ሽክ ብለዋል» ምስጋና ነው። «ተሽቀረቀረ» ውስጥ ግን ትንሽ መርፌ አለች፤ ከልክ አለፈ፣ መስታወት ፊት አረፈደ እንደማለት። ለዚህ ነው ሰው ስለ ራሱ «ዘንጬ ወጣሁ» የሚለው፣ «ተሽቀርቅሬ ወጣሁ» የሚል ግን ለቀልድ ካልሆነ የማይገኘው።

«ሽክ» ከፈረንሳይኛው «ሺክ» (chic) ነው የሚሉም አሉ። ድሬ ላይ ይሄ ቶሎ ያሳምናል፣ ምክንያቱም የባቡሩ ነገር ከፈረንሳዮች ጋር የመጣ ነው፣ «ለገሃር»ም (ላ ጋር፣ ባቡር ጣቢያው) የቀረችው ከእነሱ ነው። እኔን ግን ድምፅ መግጠሙ ብቻ አያሳምነኝም። «ፏ አለ»፣ «ቀጥ አለ» እንደሚባለው «ሽክ»ም ያለ «አለ» አይንቀሳቀስም፤ ቤተኛ ይመስላል።

«ክሽን ብላለች» የሚለውን ለጠየቅሽው፣ ከወጥ ቤት የመጣ ነው። ክሽን ያለ ወጥ፣ ክሽን ያለች ልጅ። አለቀ።

የእኔ ምርጥ ግን «የክት ልብስ» ነው። «ከተተ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ተከቶ የሚቀመጥ። ልብ በሉ፣ ልብሱ ስሙን ያገኘው ከሚለበስበት ቀን ሳይሆን ከማይለበስበት ነው! ከተራው ቀን ልብስ፣ ከአዘቦቱ፣ የሚለየውም በዚሁ ነው።

የእኔ ክት ሱፍ ነው። ድሬ ላይ ሱፍ! ለዘመድ ሠርግ ብዬ ሐረር መኪና ግርግር አሰፋሁት። (ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ስሙን ሲሰማ የመኪና መናኸሪያ ይመስለዋል፤ መኪናው ግን የስፌት መኪና ነው፣ ግርግሩም የእሱ ድምፅ። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ስትገቡ ልብስ ሰፊዎቹ መንገዱን ይዘው ታገኟቸዋላችሁ።) ሱፉ ልክክ አለ። ጫማውን ግን ለመልኩ ብዬ አንድ ቁጥር አሳንሼ ከቀፊራ ገበያ ገዛሁት። በዚያ ሙቀት ከከዚራ ሰፈር እስከ ሠርጉ ቤት በእግሬ ስደርስ ተረከዜ ተልጦ ካልሲው ላይ ተጣብቋል። አክስቴ አየችኝና ሳቋ እያመለጣት «ሲያጌጡ ይመላለጡ» አለችኝ። ይሄን ተረት ስንት ዓመት ስሰማው ቤት ለመምታት ብቻ የተባለ ይመስለኝ ነበር፣ «ያጌጡ፣ ይመላለጡ»፤ ለካ ቃል በቃል ነው።

— ሃሃሃ፣ እና ጫማው የት ደረሰ?

— የክት ሆነ።