ልጄ ደይኬር ከገባች ወዲህ ሳትታመም የዋለችበት ሳምንት የለም፤ ምን ይሻላል?

ልጄ 1 ዓመት ከ5 ወሯ ነው። ክትባቷን የ15 ወሩን ሁለተኛ የኩፍኝ ክትባት ጨምሮ ወስዳለች። እስከ ነሐሴ እናቴ ጋ ነበር የምትውለው፣ ጉንፋን የያዛት ሁለቴ ቢሆን ነው። እናቴን ጉልበቷን ሲያማት ጊዜ መስከረም ላይ ደይኬር አስገባኋት፣ በሁለተኛው ሳምንት ንፍጡ ጀመረ፣ ይኸው ሦስት ወር ሊሞላ ነው አልቆመም።

እስካሁን አምስቴ ታማለች። ሦስቱ ጉንፋንና ሳል፣ አንዱ ተቅማጥ፣ አንዱ ጆሮዋን። ለጆሮዋ አሞክሳሲሊን ታዞላት ጨረሰች፤ ለሌላው ሐኪሟ ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አያስፈልጋትም አለችኝ። ክብደቷ አልቀነሰም፣ 10 ኪሎ ናት። ግን ሌሊት አፍንጫዋ ተደፍኖ ጡቴን ይዛ ትለቃለች፣ ይዛ ትለቃለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች። አንጀቴን ትበላኛለች።

በጨው ውሃ አፍንጫዋን አጥባለሁ። ቤት እንደገባን እጇን አጥቤ ልብሷን እቀይራለሁ። ጡጦዋ ላይ ስሟን ጽፌያለሁ፣ ማክሰኞ ልወስዳት ስሄድ ግን ሌላ ልጅ እሱኑ ይዞ ሲጠባ አገኘሁት። ለሞግዚቶቹ ነገርኳቸው፣ እሺ አሉ።

ከ16 ቀን የዓመት ፈቃዴ 11ዱ አልቋል። ባለቤቴ አብዛኛውን ጊዜ ፊልድ ነው። ሠራተኛ ፈልጌ ቤት ላስቀምጣት እችላለሁ፣ ሁለት ዓመት ሲሞላት ብመልሳት ደግሞ ያው በሽታ እንደ አዲስ ይጀምራል ብዬ እሰጋለሁ።

በዚህ ያለፋችሁ እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁን አስወጥታችሁ ነው ወይስ እዚያው ታግሳችሁ ነው የተሻላት?