የዘጌ ቡና አሽጌ ልሸጥ ነው፤ በቴሌግራም የሰበሰብኩት መልስ ይበቃኛል?

ቡና ከጣና ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ። የዘጌ ቡና ቆልቼና ፈጭቼ፣ በሩብና በግማሽ ኪሎ እያሸግኩ ለመሸጥ እየተዘጋጀሁ ነው። ማሽን ከመግዛቴ በፊት ገበያውን ማወቅ ስለፈለግኩ በጉግል ፎርም መጠይቅ ሠርቼ ያለሁባቸው የቴሌግራም ግሩፖች ላይ ለቀቅኩት። የሞሉት አብዛኞቹ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪዎች ናቸው፣ የቀሩት ጓደኞቼና ዘመዶቼ። «የታሸገ የዘጌ ቡና ቢቀርብልዎ ይገዛሉ?» ለሚለው ሁሉም ማለት ይቻላል «አዎ» ብሏል። ዋጋውንም «ተመጣጣኝ ነው» ብለዋል። ደስ ብሎኛል፣ ግን ለማሽኑ የሚወጣው ብር የቤተሰብም ስለሆነ ሁሉም እንዲህ መስማማቱ ራሱ አስፈራኝ። ይህን ይዤ ልግባበት? ወይስ ሌላ መጠየቅ አለብኝ?

ገበያ አጥኚ
እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። «ይገዛሉ?» ሲባል እኛ ጋ ማንም «አልገዛም» ብሎ አያሳፍርሽም፣ ይሉኝታ አለ። ሊንኩን የላክሽው አንቺ መሆንሽን ካወቀ ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ ወደፊት ምን እንደሚያደርግ አትጠይቂው፣ እስከ ዛሬ ያደረገውን ጠይቂው። ለመጨረሻ ጊዜ ቡና የገዛችሁት ከየት ነው? ጥሬ ነው የተቆላ? ምን ያህል? ስንት ከፈላችሁ? ቤት ውስጥ ቡና የሚገዛው ማነው? ይቺ የመጨረሻዋ በጣም ታስፈልግሻለች።

ምክንያቱም ብዙ ቤት ጥሬውን ከገበያ ገዝቶ፣ አጥቦ፣ ራሱ ነው የሚቆላው። ተፎካካሪሽ ሌላ የታሸገ ቡና አይደለም፣ የእናቶች ምጣድ ነው። ይህን ተማሪ ሊነግርሽ አይችልም፤ እሱ የሚጠጣው ጀበና ቡና ጋ ቁጭ ብሎ ነው።

የመልስ ብዛትም አያታልልሽ። በ1936 እ.ኤ.አ. ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ሰው ገደማ የፕሬዚዳንት ምርጫ መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና ላንደን ያሸንፋል አለ፣ ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። ስሙን በብዛት የለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፣ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ አስቢው። በዚያ ላይ መልሶ የላከው ከአራት አንዱ ገደማ ነው። የአንቺም ፎርም የደረሰው ዳታ ያለው፣ ያው ግሩፕ ውስጥ የሚውል ሰው ጋ ብቻ ነው።

ዋጋን በተመለከተ «ተመጣጣኝ» ምንም አይነግርሽም። ቫን ዌስተንዶርፕ የሚባል ሆላንዳዊ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው መንገድ አለ፣ አራት ጥያቄ ነው፦ ሩብ ኪሎው ስንት ብር ቢሆን ረክሶ ጥራቱን ትጠራጠራለህ? ስንት ቢሆን ጥሩ ግዢ ነው? ስንት ላይ መወደድ ይጀምራል? ስንት ቢሆን ጭራሽ አትገዛም? ቁጥሩን ራሳቸው ይጻፉት።

የፔዳ ልጅ
እኔ ስለ ፎርሙ ልጨምር። «አንድ ሰው አንዴ ብቻ» የሚለውን ካበራሽው ጂሜይል ግባ ይላል፣ ፓስወርዱን የረሳ ሁሉ እዚያው ጥሎት ይወጣል። ይህን ገደብ ዝጊው። የካርድ ሽልማትም አታድርጊ፣ ከዘጋሽው በኋላ አንድ ሰው ደጋግሞ ሊሞላብሽ ይችላል። የቀን ሳጥንም አትጠቀሚ፣ የፈረንጅ ካላንደር ነው የሚያወጣው፣ ገሚሱ በኛ አስቦ ይሞላዋል። ሰዓትም እንደዚያው፣ ሰው 2፡00 ሲል ጠዋት ነው ያሰበው። «ጠዋት፣ ከምሳ በኋላ፣ ማታ» ብለሽ ምርጫ ስጪ። ጥሬ ለሚገዛና የተቆላ ለሚገዛ ደግሞ በሴክሽን ለያይተሽ የየራሱን ጥያቄ አሳዪው። ሲረዝም ማንም አይጨርሰውም።

ሱቅ ያለኝ
ሁላችሁም ትክክል ናችሁ፣ ግን ፎርም ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ቀበሌ 14 ሱቅ አለኝ። የተፈጨ ቡና ከእኔ ጋ የሚወስደው በአብዛኛው የሰፈር ሰው አይደለም፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ እንግዳ ነው። ለስጦታ ነው። «ዘጌ» የሚል ስም ሲያይ ዓይኑ ይበራል፣ ገዳማቱን አይቶ በጀልባ ተመልሶ የመጣ ከሆነማ ወዲያው ነው የሚያነሳው። ይሄ ሰው ባሕር ዳር ግሩፕ ውስጥ የለም! በምን ታገኚዋለሽ? ማሸጊያው ላይ ኪውአር ኮድ ለጥፊ፣ ሲቃኘው ሦስት ጥያቄ ይክፈትለት፦ ለማን ገዛኸው፣ መጠኑ በቃህ ወይ፣ ሌላ ጊዜ የት ብታገኘው ይመችሃል። ገንዘብ ከፍሎ የገዛ ሰው መልስ ለእኔ ከመቶ «አዎ» ይበልጥብኛል።

ቡና ከጣና ዳር
በጣም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። እንግዳውን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። እንግዲህ ማሽኑ ይቆይ። በእጅ ቆልቼ ወፍጮ ቤት አስፈጭቼ ትንሽ አሽጋለሁ፣ ኮዱን ለጥፌ ለሱቆች እሰጣለሁ። ለእናቶቹ ደግሞ ስልኬን ይዤ ቅዳሜ ገበያ እወርዳለሁ፣ እየጠየቅኩ እዚያው ራሴ እሞላላቸዋለሁ። ስልክ ቁጥራቸውን ብቀበል ችግር አለው?

ገበያ አጥኚ
ካላስፈለገሽ አትቀበዪ። ካስፈለገሽ ለምን እንደሆነ ነግረሽ፣ ፈቃዳቸውን አግኝተሽ ብቻ ውሰጂ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል። ቁጥሩን ከመልሱ ለይተሽ አስቀምጪው። ገበያ ስትወርጂ ደግሞ መጀመሪያ ዋጋውን አትንገሪያቸው፣ እነሱ ይናገሩ። ሲቆላ ክብደቱ እንደሚቀንስም በሒሳብሽ ያዢው፤ የጥሬውን ኪሎና የተፈጨውን ኪሎ እኩል ካሰላሽው የሚነግሩሽ ዋጋ ትርፍ ያለው ይመስልሻል።