እናቴን ወደ ካይሮፕራክተር ልውሰዳት?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ በግሪን ካርድ ከመጣች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ወገቧን ክፉኛ ስለሚያማት ጠዋት ከአልጋዋ የምትነሳው የልጄን ትከሻ ተደግፋ ነው። በአቅራቢያችን ያለ አንድ የካይሮፕራክተር (አከርካሪን በእጅ እየገፋ የሚያስተካክል ባለሙያ) ክሊኒክ ኤክስሬይ ካነሳት በኋላ፣ አከርካሪዋ ከቦታው መንሸራተቱን ነግሮን በቅድሚያ የሚከፈልበት የ24 ቀጠሮ ውል አቀረበልን። እናቴ ለልብ ምቷ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች፤ ስለ መድኃኒቷ ግን የጠየቀን የለም። ለአረጋውያን የሚሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬርም የላትም። ልፈርም ወይስ ልተወው?

ከዳላስ፣ ቴክሳስ፦
ወንድሜ፣ በጤና መድን ሥራ ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርህ። ሜዲኬር ካይሮፕራክተርን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ቢሸፍንም፣ የሚከፍለው አከርካሪን በእጅ ለማስተካከል ብቻ ነው፤ ካይሮፕራክተሩ ላዘዘው ኤክስሬይም ሆነ ለማሸት አይከፍልም። በየዓመቱ ከራስ የሚወጣው መነሻ ከተሟላ በኋላም 20 በመቶው በታካሚው ላይ ይቀራል፤ መሻሻል ከቆመ በኋላ «እንዳይመለስባቸው» እየተባለ የሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከኪስ ነው። እዚህ አገር ያልሠሩ ወላጆቻችን 65 ቢሞላቸውም፣ በመኖሪያ ፈቃድ 5 ዓመት በተከታታይ ካልቆዩ በራሳቸው ከፍለው እንኳ አይገቡበትም። ስለዚህ እናትህ ገና ከሁለት ዓመት በላይ ይቀራቸዋል።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦
ይህን ሳነብ የደሴው ወጌሻችን ትዝ አሉኝ። በልጅነቴ ከበቅሎ ወድቄ ትከሻዬ ሲወልቅ፣ ቅቤ ቀብተው እያጫወቱኝ ሳላስበው ወደ ቦታው መለሱት፤ አባቴ የሰጧቸውም አንድ ኪሎ ቡና ብቻ ነበር። ካይሮፕራክቲክን ፓልመር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1895 አይዋ ውስጥ ዳቨንፖርት ላይ ጀመረው፤ የእኛዎቹ ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ሲያሹና ሲጠግኑ ኖረዋል! አምና እናቴ ወገቧን ሲያማት የወጌሻውን ክፍያ ከዚሁ ላክሁላት፣ ዳነችም። እዚያ ብትሆኑ ኖሮ ይህ ሁሉ ወጪ ባልመጣባችሁ።

ከሲያትል፣ ዋሽንግተን፦
ነርስ ነኝ። ወጌሻን ባከብርም፣ ክንዳቸው በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ ደም በማጣቱ እጃቸው የተቆረጠ ልጆችን አገር ቤት ሳለሁ አስታምሜአለሁ። ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው መካከል አከርካሪ ማስተካከልን ይቆጥረዋል፤ ሆኖም ማስረጃው ጠንካራ አለመሆኑን መመሪያው ራሱ ይገልጻል። በእናትህ ዕድሜ ትልቁ ሥጋት የአጥንት መሳሳት ነው፤ አጥንታቸው ከሳሳ ድንገተኛው ግፊት አከርካሪያቸውን ሊሰብር፣ በዋርፋሪኑም ምክንያት ደም ሊፈስ ይችላል። ሴቶች ከ65 ዓመት ጀምሮ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ እንዲያደርጉ ይመከራል፤ እሱ ሳይታይና ዋርፋሪኑን ያዘዘው ሐኪም ሳይጠየቅ ማንም እንዳይነካቸው። ሌሊት ሌሊት የሚያልባቸው ወይም የሚከሱ ከሆነ፣ የአከርካሪ ቲቢ በእኛ አገር ሰው ላይ የሚታይ በመሆኑ ለሐኪሙ ንገረው። እግራቸው ከደነዘዘ ወይም ሽንታቸውን መቆጣጠር ካቃታቸው ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦
አንድ ወጌሻ ስላጠፋ ሁሉንም እጅ ቆራጭ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ሆስፒታል ገብቶ የባሰበት የለም?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለአጥንት ምርመራው ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀጠሮ አግኝተናል። የደበቅኋችሁ ነገር ቢኖር ለክሊኒኩ 200 ዶላር ቀብድ መክፈሌን ነው፤ ማስመለስ ይቻል ይሆን?

ከሲያትል፣ ዋሽንግተን፦
የአሌክሳንድሪያው ወንድሜ፣ ስለ ሁሉም ወጌሻ አልተናገርሁም፤ የጻፍሁትን መልሰህ አንብበው።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦
አንብቤዋለሁ። እናቴን ያዳናት ግን ወጌሻ ነው።