«ራይት ፍለዲንግ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለቤቱ። አራት ኪሎ ግቢ ለሚማሩ ልጆች ስለ ቨርቹዋል ማሽን ሜሞሪ አጭር ማስታወሻ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ፔጅ ቴብል (ፕሮግራም የሚጠቀምበትን አድራሻ ከእውነተኛው የሜሞሪ ቦታ ጋር የሚያያይዝ ሰንጠረዥ) ላይ ቶሎ ቶሎ ሲጻፍ ፈረንጆቹ «ራይት ፍለዲንግ» ይሉታል። «የጽሕፈት ጎርፍ» ብዬ ልለፈው?

መልስ፦ እህቴ፣ «ጎርፍ»ን ተዪው። ጎርፍ ሲባል ሰው የሚታየው ብዛት ነው። እዚህ ግን ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የሊኑክሱ ሃይፐርቫይዘር (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ኬቪኤም፣ አንድ ገጽ ላይ 3 ጊዜ ከተጻፈና በመሀል ገጹ ለአድራሻ ፍለጋ ሲያገለግል ካላየው «ራይት ፍለዲንግ» ለማለት ይበቃዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዳው ሲስተም (በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ የሚሠራው ኦፐሬቲንግ ሲስተም) የራሱን ፔጅ ቴብል ይጽፋል፤ ፕሮሰሰሩ የሚያነበው ግን ሃይፐርቫይዘሩ በጎን የሠራውን ቅጂ፣ ማለትም ሻዶው ፔጅ ቴብሉን ነው። ሁለቱ እንዳይለያዩ ሃይፐርቫይዘሩ የእንግዳውን ገጽ እንዳይጻፍበት ይቆልፈዋል። እንግዳው ሊጽፍ ሲል ፔጅ ፎልት (ፕሮሰሰሩ «ይህ ገጽ አይነካም» የሚልበት ምልክት) ይነሳል፣ ማሽኑ ይቆማል፣ ሃይፐርቫይዘሩ ይገባና ጽሕፈቱን ራሱ ይፈጽምለታል፣ ቅጂውንም ያስተካክላል፣ ከዚያ መልሶ ይለቀዋል። ለአንዲት ባለ 8 ባይት የሰንጠረዥ መስመር ይህ ሁሉ ጣጣ! አንድ ባለ 4096 ባይት ገጽ ደግሞ እንዲህ ያሉ 512 መስመሮች አሉት።

የባሰው እንግዳው ያንን ገጽ ፔጅ ቴብል ማድረጉን ትቶ ተራ ዳታ ሲጽፍበት ነው። ለሃይፐርቫይዘሩ የሚነግረው የለም። እሱም በከንቱ ሲመላለስ ይኖራል። ስለዚህ ምልክት ይፈልጋል፤ አንዱ ይሄ ሳይሠራበት የሚደጋገም ጽሕፈት ነው፣ ሌላው ከአንድ መስመር ወደ ቀጣዩ የሚሻገር ጽሕፈት ነው፣ ምክንያቱም ፔጅ ቴብል እንደዚያ አይጻፍም። ምልክቱን ካየ ቅጂውን ጥሎ ቁልፉን ይፈታል። ገጹ በኋላ ካስፈለገ እንደገና ይሠራዋል።

ለዚህ ነው እኔ «ውትወታ» የምለው። የሚወተውቱት ሰው በየጊዜው መልስ ለመስጠት ይገደዳል፣ በመጨረሻ «እሺ በቃ» ብሎ ይለቃል። ድግግሞሹም ድካሙም መልቀቁም በአንድ ቃል ገባ።

ሌላ አስተያየት፦ ወንድሜ፣ «ውትወታ» ጥሩ አማርኛ ነው፣ ግን የሚወተውት ሰው የሚፈልገውን ያውቃል። እንግዳው ሲስተም ገጹ መቆለፉን እንኳ አያውቅም። ለተማሪ «ተደጋጋሚ ጽሕፈት» ይሻላል። ደግሞስ አሁን ኢፒቲ (ያለ ሻዶው ቅጂ ፕሮሰሰሩ ራሱ የእንግዳውን አድራሻ የሚተረጉምበት የኢንቴል ዘዴ) ካለ በኋላ ይሄ ነገር ያስፈልጋል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ተቀብያለሁ፣ ልክ ነህ። እህቴ፣ ርዕሱን «ተደጋጋሚ ጽሕፈት» አድርጊው፣ «ውትወታ»ን ማብራሪያው ውስጥ አስገቢው። ሁለተኛው ላይ ግን አልስማማም። ኢንቴል ከ2008 ወዲህ፣ ኤኤምዲም ከእሱ ቀደም ብሎ፣ ሥራውን ለፕሮሰሰሩ ስለሰጡት ተራው እንግዳ በራሱ ፔጅ ቴብል ላይ እንዳሻው ይጽፋል። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሌላ ቨርቹዋል ማሽን ሲነሳ ግን የውስጠኛው ሃይፐርቫይዘር ሰንጠረዥ ዛሬም ሻዶው ይሠራለታል፣ ይቆለፋል፣ ጽሕፈቱም ይቆጠራል።