አስቸኳይ! ሚዲያን ሰርቫይቫል ስጠይቀው ነጥብ ብቻ ይወጣል

የሽምብጧ፦ እባካችሁ ድረሱልኝ! ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ፔዳ ግቢ ከመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪ ጋር ቀጠሮ አለኝ። የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ ስታታ ሚዲያኑ (ግማሾቹ ታካሚዎች በሕይወት የሚቆዩበት ጊዜ) ቦታ ላይ በቁጥር ፈንታ ነጥብ (.) ብቻ ያሳየኛል። ዳታው የልብ ድካም ታካሚዎች ነው፤ ካርድ ክፍል ቁጭ ብዬ ሁለት ወር የለቀምኩት። ሦስቴ ደጋገምኩት፣ ያው ነው። ምን አበላሸሁ?

ቀበሌ 14፦ ፕሮግራሙን ዘግተሽ እንደገና ክፈቺው።

ጋሼ ቁጥር፦ ልጄ፣ መጀመሪያ መሠረቱን ያዢ። ካፕላን እና ማየር ይህን የመትረፍ ዕድል ማስያ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲያሳትሙ ለየብቻ ጽፈው ነበር የላኩት፤ ያገናኛቸው የመጽሔቱ አርታኢ ነው። ሌላውን የመትረፍ ጊዜ መተንተኛ ዘዴ ኮክስ ያወጣው በ1972 ነው። ይህን ሳያውቁ ሶፍትዌር መንካት ጥሩ አይደለም።

ዓባይ ማዶ፦ ከታካሚዎቹ ምን ያህሉ ሞቱ?

የሽምብጧ፦ ሩብ አይሞሉም።

ዓባይ ማዶ፦ እንግዲያው ምንም አላበላሸሽም፣ አይዞሽ። ሚዲያን ማለት የመትረፍ ዕድሉን የሚያሳየው መስመር ከ1 ወርዶ 0.5 (ግማሽ) የሚነካበት ጊዜ ነው። ያንቺው እዚያ ሳይደርስ ክትትሉ አለቀ። «ሚዲያኑ አልተደረሰበትም» ብለሽ ጻፊ። በምትኩ የ12 እና የ24 ወር የመትረፍ ዕድሉን ከነ95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል ከሚያሳየው ክልል ጋር) አስቀምጪ።

ቀበሌ 14፦ ዘግተሽ ከፈትሽው ወይ?

ሲስተር፦ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ከክትትል የጠፉትን ምን አደረግሻቸው?

የሽምብጧ፦ አወጣኋቸው። መጨረሻቸው አይታወቅማ።

ሲስተር፦ አይሆንም እህቴ! እስከ መጨረሻ ቀጠሯቸው በሕይወት ነበሩ፤ ያ ጊዜ ይቆጠራል። በዚያ ቀን ሴንሰር አድርጊያቸው፤ ማለትም እስከዚያ ቀን በሕይወት እንደነበሩ ቆጥረሽ ከዚያ በኋላ ያለውን አይታወቅም በዪ። ይህም ብቻውን አይበቃም። ዘዴው የጠፋውም የቀረውም የመሞት ዕድሉ እኩል ነው ብሎ ነው የሚነሳው። እኔ ክትትል ክፍል ነው የምሠራው። አንዱ በርትቶ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ይወርዳል። ሌላው ሲጠናበት ጠበል ይገባል። ሁለቱም ካርድ ላይ «ጠፋ» ነው የሚባሉት። እንግዲህ አንዴ የጠፉት ሁሉ ያኔውኑ ሞቱ ብለሽ፣ አንዴ ሁሉም እስከ መጨረሻው ኖሩ ብለሽ አስዪና ልዩነቱን አሳዪ። የጥናት ፈቃድሽ ከፈቀደ ደግሞ ደውዪ።

የዘጌው፦ ሲስተር ልክ ናት። እኔ የታካሚዎችን የኑሮ ጥራት ኢኪው-5ዲ በሚባለው መጠይቅ ስለካ፣ ስድስተኛው ወር ላይ አማካዩ ከፍ አለ። ተሻላቸው ብዬ ደስ አለኝ። ለካ የደከሙት ሞተው፣ መጠይቁን የሞሉት የተረፉት ብቻ ነበሩ። የሞተ ሰው «ሕመም አለብህ ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም። የሞቱትን ቁጥር ከአማካዩ ጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ጋሼ ቁጥር፦ ይኸው፣ መሠረት ያልኩት እሱን ነው።

ሲስተር፦ የሽምብጧ፣ ካርዱ ላይ ስልክ ያላቸው ስንት ናቸው?