ሰኞ ባቲ ለመዋል፦ ፍየሉን በስንት ሰዓት፣ ጠገራ ብሩን በምን እንለየው?

የጦሳ ልጅ

ሰላም ለቤቱ። አንድ ሰኞ ከደሴ ተነስተን ባቲ ገበያ ውለን ማታ ለመመለስ አስበናል። እኔና ባለቤቴ፣ የሰባት ዓመት ልጃችንና ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣች የአክስቴ ልጅ ነን። መኪና የለንም። ባቲን በማሲንቆ እንጂ በእግራችን አናውቃትም። ለበዓል የሚሆን አንድ ሙክት መግዛት እንፈልጋለን። የአክስቴ ልጅ በአንገት የሚንጠለጠል ጠገራ ብር ካላገኘሁ አልመለስም ብላለች። ልጁ የሚያወራው ስለ ግመል ብቻ ነው። ስንት ሰዓት እንነሳ? ከየቱ እንጀምር? ፍየሉ ላይ እንዳንሸወድ፣ ብሩም ነሐስ ሆኖ እንዳይገኝ ምን ምን እንይ?

ቦርከና

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ በደጋን አድርጎ ባቲ 40 ያህል ነው። ሲሰሙት ቅርብ ነው። ግን እስከ ኮምቦልቻ ያለው ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው፣ ከኮምቦልቻ ወዲያ ደግሞ በሚሌ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መስመር ስለሆነ ከባድ መኪና አይጠፋበትም። ሚኒባሱም ካልሞላ አይነሳም። 12 ሰዓት ላይ ከደሴ ከወጣችሁ፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ የምትጠብቁትን ጨምሮ 3 ሰዓት አካባቢ ባቲ ትገባላችሁ። ከዚያ በፊት መድረስ ትርፍ የለውም፤ ብዙው ሰው ከቆላው እንስሳውን እየነዳ በእግሩ ስለሚመጣ ገበያው ገና አልቆመም። የሚደምቀው ከ5 እስከ 8 ሰዓት ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ባቲ 1,500 አካባቢ። አንድ ሺህ ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፣ ስለዚህ ጠዋት ጋቢ ያስለበሳችሁ ብርድ እኩለ ቀን ላይ ትዝም አይላችሁ። የሚወልቅ ልብስ ደርቡ፤ ባርኔጣ፣ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፣ ሽፍን ጫማ ያዙ። ክፍት ጫማ በከብት መሀል አይሆንም። ቴሌብር ለሻይ ቤት ይሆናል፣ ለፍየል ሻጭ ግን ጥሬ ብር ነው፤ ለጥቃቅኑ ደግሞ ዝርዝር ያዙ፣ መልስ የለም ሲባል የተረፈው እዚያው ይቀራል።

ሰው የሚቸገረው መመለሻው ላይ ነው። ገበያው ሲበተን ሁሉም በአንዴ ስለሚወጣ ወንበር ይጠፋል፣ ታሪፉም ታሪፍ መሆኑ ይቀራል። 9 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሁኑ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ፍየሉን ተዉት። ፍየል እየጎተቱ ገበያ ማየት የለም፣ ሙክት ደግሞ ደሴም አለ።

ሙክት አዋቂ

ቦርከና ወንድሜ፣ የባቲ ፍየል እኮ ቆዳው ሳይቀር በቆዳ ነጋዴ ዘንድ በአገሩ ስም የሚጠራ ነው። ይግዙ እንጂ! ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ብቻ ነው።

የእንስሳው ተራ ከእህሉና ከጨርቁ ተለይቶ ነው ያለው፤ በቀጥታ እዚያ ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ዋጋ ይወርዳል የሚባለው እውነት ነው፣ ሻጩ ያንን ሁሉ መንገድ መልሶ መንዳት አይፈልግም። ነገር ግን ያን ጊዜ ነጋዴ ጥሩ ጥሩውን ለቅሞ ሄዷል። ለአንድ በዓል ፍየል 4 ሰዓት ላይ ትንሽ ጨምሮ መግዛት ይሻላል።

መጀመሪያ አፉን ክፈቱ። ፍየል የፊት ጥርስ ያለው በታችኛው መንጋጋ ብቻ ነው፣ ስምንት። ሁሉም ትንንሽና እኩል ከሆኑ የወተት ጥርስ ናቸው፣ ዓመት አልሞላውም ወይም ገና መሙላቱ ነው። መሀል ላይ ሁለት ሰፋፊ ካወጣ ዓመት አልፎታል፣ አራት ከሆነ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ስድስት ከሆነ ሦስት፣ ስምንቱም ከተለወጡ አራት አካባቢ ነው። ለእናንተ ሁለት ወይም አራት ያወጣ ይበቃል። ጥርሱ የተሸረፈና የተራራቀ ከሆነ አርጅቷል፣ ቀኑን ሙሉ ቢቀቀልም አይላላም። መኮላሸቱንም በእጅ ዳስሱ፤ ወጠጤን ሙክት ብሎ የሚሸጥ አይጠፋም፣ ሥጋው ይሸታል።

ቀጥሎ ሆዱን ሳይሆን ወገቡን እዩ። ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ እጃችሁን አሳርፉ። የአጥንቶቹ ጫፍ አንድ በአንድ ከተቆጠረላችሁ ከሲታ ነው፤ ጫን ብላችሁ ብቻ ካገኛችሁት ሥጋ አለው። ማታለያው ያለው እዚህ ጋ ነው። ጨው ያልሱትና ውሃ እስኪበቃው ያጠጡታል፣ በግራ በኩል ሆዱ ይነፋል፣ ከሩቅ ላየው የሰባ ይመስላል። ወገቡን ግን ውሃ አይሞላውም። ከዚያ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጉ፦ ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ደህና ነው፣ ነጭ ከሆነ የሆድ ትል ደሙን መጦታል። ንፍጥ፣ ሳል፣ ጭራው ሥር የደረቀ ቅዘን ካለ አትከራከሩ፣ እለፉ።

ሻጩ አፋርኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ሊሆን ስለሚችል ደላላ አይቀርም። የደላላውን ለብቻው አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ካልሆነ ዋጋው ውስጥ ገብቶ ስንት እንደወሰደ አታውቁትም። የፍየሉን ብር ግን በሻጩ እጅ ቁጠሩ። ቀንዱ ላይ የራሳችሁን ጨርቅ እሰሩ፣ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ለሚጠብቅ ሰው ከፍላችሁ አቆዩትና ገበያችሁን ዞሩ።

ሲጫን ነው ብዙ ፍየል የሚበላሸው። አራት እግሩን ጠፍረው በጎኑ ከጣሉት የሆዱን አየር በግሳት ማውጣት ስለማይችል ይነፋና መንገድ ላይ ይሞታል። ከተቻለ ጭነት መኪና ላይ ቆሞ ይሂድ። መተኛት ካለበት በደረቱ ይተኛ፣ ከሥሩ ጆንያ ይነጠፍ፣ አንገቱ ላይ ሸምቀቆ አይግባ። ቤት ሲደርስ ውሃና ድርቆሽ ብቻ። እንግዳ ነው ተብሎ እህልና ትርፍራፊ እንጀራ ከተደፋለት ሆዱ ውስጥ ይቦካና በዓሉ ሳይደርስ ቢላዋ ያስመዝዛችኋል።

ባለ ሚዛኑ

ብሩን እኔ ልውሰደው። ጠገራ ወይም ማርትሬዛ የምንለው 28.07 ግራም ይመዝናል፣ ጥራቱ ከሺህ 833 ነው፣ ማለትም 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ። ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

ሻጩ “1780 ይላል፣ የጥንት ነው” ብሎ ዋጋ ቢሰቅል አትቀበሉት። 1780 ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ከዚያ በኋላ ቪየናም፣ ሮምም፣ ለንደንም፣ ቦምቤይም የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ጭምር። የምትከፍሉት ለብሩ ነው።

ማግኔት ከሳበው ሐሰት ነው፣ አበቃ። ካልሳበው ግን ገና ምንም አላወቃችሁም፣ ነሐስንም አይስበውም። ጠርዙን ዙሪያውን እዩት፤ በእውነተኛው ላይ ጎላ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለ። በሻጋታ የፈሰሰው ጠርዙ ልሙጥ ነው ወይም የሻጋታ መስመር ይታይበታል።

የመጨረሻው ፈተና ሚዛንና ውሃ ነው። በኪስ የሚያዝ፣ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ያዙ። ብሩን መዝኑት። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት፣ ብሩን በቀጭን ክር አስራችሁ ታችም ጎንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት። እውነተኛው 2.75 ገደማ ያሳያል። ክብደቱ 28 ሆኖ ውሃው ውስጥ 3.3 ካነበበ ነሐስ ነው።

የጦሳ ልጅ

ገበያ መሀል ብርጭቆና ክር ስንዘረጋ ሻጩ አይቆጣም? ቀለበት የተበየደበት ከሆነስ?

ባለ ሚዛኑ

ሜዳ ላይ አይሆንም፣ ነፋሱ ብቻ ሚዛኑን ያዛባዋል። “ሻይ ቤት ገብተን እንየው” በሉት፤ አብሯችሁ ይቀመጥ፣ ሻይም ይጠጣ። እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ቀለበት ካለው ክብደቱ ከ28 ይበልጣል፣ የተበሳ ከሆነ ያንሳል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ንጽጽሩን ተመልከቱ። አየር ላይ የመዘነውን ውሃው ውስጥ ላነበባችሁት አካፍሉት። ወደ 10.2 ከመጣ ብር ነው፣ 8.5 አካባቢ ከሆነ ነሐስ። የብየዳው ቆርቆሮ ውጤቱን በጥቂቱ ያወርደዋል። እኔ ግን ያልተበየደውን ገዝታችሁ ደሴ ብር ሠሪ ጋ ማቀፊያ እንድታሠሩለት እመርጣለሁ፣ ጠርዙ አይጎዳም። የአክስትሽ ልጅ ወይም የአክስትህ ልጅ፣ ማንም ብትሆን፣ ብራና፣ የድሮ መስቀልና መሰል ቅርስ አጠገብ አትድረስ። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።

የደጋኗ

ወንዶቹ ፍየልና ሚዛን ላይ ሲቀሩ ልጁን ማን ያስበው? አብሽሩ፣ እኔ አለሁ።

ገና ስትገቡ አንድ መገናኛ ቦታ ቁረጡ፣ በሰዉ መሀል ስልክ ሲጠራ አይሰማም። የስልክ ቁጥራችሁን በልጁ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ለምሳ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ የየራሱ ቤት ስላለው ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ። በረመዳን ቀን ላይ የሚበላ ቤት ይቀንሳል፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ሰኞም ጾም ነው፤ እንግዲህ ዳቦ መያዝ ነው። ከሌሎቹ ጋር 7 ሰዓት ላይ ከምትሻሙ 5 ተኩል ላይ ብሉ።

ፎቶ ሳታስፈቅዱ አታንሱ፣ በተለይ ሴቶችንና ጊሌ (የአፋር ጩቤ) የታጠቁትን። ምልክቱን ሁሉም ያውቀዋል፦ ካሜራውን አሳይቶ መጠየቅ፣ እምቢ ካሉ ዝቅ አድርጎ ማለፍ። ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ስንት እንደሆነ ከማንሳት በፊት ይነገር።

ግመሉን ከሦስት ሜትር ወዲህ ያለ ባለቤቱ አትጠጉት። እንደ በቅሎ ከኋላ ብቻ የሚራገጥ አይምሰላችሁ፣ የኋላ እግሩን ወደ ጎንም ወደ ፊትም ይወረውራል። የሚጠጉት ባለቤቱ ሲይዘው፣ እሱ እያያችሁ፣ በፊት እግሩ ትከሻ በኩል ነው። አረፋ የሚደፍቅና በአፉ ጎን ቀይ ፊኛ የመሰለ ነገር የሚያወጣ ወንድ ግመል ካያችሁ ልጁን ይዛችሁ ዞር በሉ፣ ሴት ፈልጎ ነው። ባለቤቱ ልጁን ላውጣው ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ግመል ሲነሳ የኋላ እግሩን ነው ቀድሞ የሚያቆመው፣ የተቀመጠው ሰው ወደ ፊት ይወረወራል። ስለዚህ ሲነሳ ወደ ኋላ ተለጥጦ ኮርቻውን በሁለት እጁ ይያዝ። ሲንበረከክ ደግሞ የፊቱን ያስቀድማል፣ ያኔም ወደ ኋላ ነው። ከእናንተም አንዳችሁ ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ፎቶ አታንሱ።

ቦርከና

ከፍየሉ ጋር ከሆናችሁ 9 ሰዓት የተባለው 8 ይሁን፤ የሚጭናችሁ መኪና መፈለጉ ራሱ ጊዜ ይበላል። ጆንያውንም ከደሴ ያዙ።