ግራፊክስ ካርድ ልግዛ ወይስ ኤስኤስዲ? (ጅማ፣ የሰርግ ቪዲዮ)

አዌቱ ማዶ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ የሰርግና የምርቃት ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ማሽኔ ከቢሮ የወጣ ዩዝድ ዴስክቶፕ ነው። ኮር አይ 5፣ 6ኛ ጄኔሬሽን፣ 16 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ ሀርድ ዲስክ። ግራፊክስ ካርድ የለውም። ጠዋት አብርቼው ጀበና እጥዳለሁ፤ አቦሉ ሲወርድ ዊንዶውሱ ገና እያሰበ ነው፣ ቶናው ላይ ፕሪሚየር (ኤዲት የማደርግበት ፕሮግራም) ይከፈታል፣ በረካው ላይ ፕሮጀክቱ። እየቀለድኩ አይደለም።

ከሁለት ሰርግ ያጠራቀምኳት ብር አለች፣ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የምትበቃው፦ ወይ ግራፊክስ ካርድ፣ ወይ ኤስኤስዲ (በሀርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባ ፈጣን የፋይል ማስቀመጫ)። አንዱ ጓደኛዬ አርቲኤክስ 4060 የሚባለውን ካርድ ግዛ ይላል። ሌላው ማይኒንግ (ዲጂታል ገንዘብ ቁፈራ) ላይ የነበረ አርኤክስ 580 ካርድ በርካሽ አገኝልሃለሁ አለኝ። ጥር ሳይገባ መወሰን አለብኝ፣ ጥር ላይ ሰርጉ እንዴት እንደሚደራረብ ታውቃላችሁ። መብራቱንም ታውቁታላችሁ፤ ዝናብ ሲጀምር ሬንደሩ (ያለቀው ቪዲዮ ሲወጣ) 90 ፐርሰንት ላይ ደርሶ ድርግም።

ዋት ቆጣሪ፦

ወንድሜ፣ ኤስኤስዲ። ሁለቴ አታስብ።

እኔ ግራፊክስ ካርድ ነፍሴ ነው፣ አዲስ ካርድ በወጣ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም። ግን በእድሜዬ ካየኋቸው የኮምፒውተር ለውጦች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ሀርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መተካቱን ነው የምመርጠው። ሀርድ ዲስክህ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና ወዲህ ወዲያ የምትል ክንድ አለች። አንድ ቦታ ላይ ያለ ዳታ ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል። ትንሽ ይመስላል። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን የሚጠራው አንድ ትልቅ ፋይል ሳይሆን በየቦታው የተበተኑ ሺህ ትናንሽ ፋይሎችን ነው፣ እሷ ደግሞ በሰከንድ መቶ ያህሉን ብታደርስ ነው። ሳታ በሚባለው የቆየ መስመር የሚገናኝ ተራ ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በሰከንድ በአስር ሺዎች ያደርሳል። አቦልና ቶናህን የሚበላብህ ይሄ ነው፣ ግራፊክስ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ግን ለእኔ ጉራ ይበዛዋል። ሳታ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ቆመ። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት መጣ፤ በፒሲአይ (የማዘርቦርዱ ፈጣን መስመር) 3ኛ ትውልድ እስከ 3500፣ በ4 ወደ 7000፣ በ5 ደግሞ 14000 ገደማ ደረሰ። ቁጥሩ ያማልላል። ከሀርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ የተሻገረ ሰው ግን ይጮሃል፣ ከ7000 ወደ 14000 የተሻገረው ሰዓት ይዞ ካልለካ አያውቀውም።

ግራፊክሱ ላይማ ብሶቴ ብዙ ነው። አርቲኤክስ 3060 በ2021 ሲወጣ 12 ጊጋ ሚሞሪ ይዞ ነበር። በ2023 የመጣው 4060 ግን 8 ጊጋ! ስሙ አደገ፣ ሚሞሪው አነሰ፣ የሚሞሪው መስመርም ከ192 ቢት ወደ 128 ጠበበ። በ2025 መጀመሪያ የኤንቪዲያው ጄንሰን ሁዋንግ መድረክ ላይ ወጥቶ 549 ዶላሩ 5070 የ4090ን አቅም ይሰጣል አለ። እንዴት መሰለህ፣ ካርዱ አንድ ፍሬም በትክክል ይሠራና ሦስቱን ራሱ ገምቶ ይጨምራል። ጌም ላይ ለዓይን ሊያምር ይችላል፣ ክፉ አልልም። ለአንተ ግን ምን ያደርግልሃል? ሙሽራዋን ገምቶ አይስልልህ። የዋቱ ነገር ደግሞ ከልክ አለፈ፤ 5090 ብቻውን 575 ዋት ነው። ጅማ ላይ እሱን የሚያበራ ሰው መጀመሪያ ጎረቤት ያስፈቅድ።

580ውን እርሳው። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 (በፈረንጆቹ) በካርድ መቆፈርን ሲያቆም ነው እነዚያ ካርዶች በየገበያው የፈሰሱት። ቀን ከሌት ሲጋገር የኖረ ካርድ ነው፣ ያውም 185 ዋት የሚጠጣ። የቢሮ ፓወር ሰፕላይህ አይችለውም።

ሬንደር በሌሊት፦

ዋት ቆጣሪ፣ ግማሹን ልክ ነህ፣ ግማሹን ግን እንደ ጌመር ነው የምታወራው። እኔ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ላይ ነው የምሠራው፣ የሕንፃ ዲዛይን። በሲፒዩ (በዋናው ፕሮሰሰር) ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጀው ሬንደር በካርድ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ያልቃል፤ ይሄን "ጉራ" የሚለኝ ሰው የእኔን ሌሊት አላደረም። ችግሩ ካርዱ ሳይሆን የተሳሳተ ካርድ መምረጥ ነው።

አዌቱ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ፦ ካሜራህ ምን ዓይነት ፋይል ነው የሚያወጣው? 6ኛ ጄኔሬሽን ኢንቴል 8 ቢት (የቀለም ጥራት ነው) ኤች 265ን፣ ማለትም በዚያ ዘዴ የታመቀ ቪዲዮን፣ በራሱ ሃርድዌር ይፈታል። 10 ቢት የገባው ከ7ኛ ጀምሮ ነው። 10 ቢት 4፡2፡2 (የበለጠ የቀለም መረጃ የያዘው) ከሆነ ደግሞ ከኤንቪዲያ የሚፈታው 50 ሲሪዝ ብቻ ነው፣ 4060 ራሱ አይሞክረውም። ታይምላይኑ የሚንተፋተፈው በዚህ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ፕሮክሲ (ቀለል ያለ የቪዲዮ ቅጂ) ሠርተህ ኤዲት አድርግ፣ ነፃ ነው።

ካርድ ስትገዛ ደግሞ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋውን ፈልግ። 70 ዋት ነው፣ ከማዘርቦርዱ ስሎት በሚመጣው 75 ዋት ብቻ ይሠራል፣ ተጨማሪ ገመድ አይፈልግም። ባለ 8 ጊጋው ሌላ ካርድ ነው፣ እንዳይሸውዱህ። አንዳንዱ ጂቲኤክስ 1650ም ያለ ገመድ ይሠራል፤ ግን የመጀመሪያው 1650 ላይ ያለው የቪዲዮ ኢንኮደር (ቪዲዮውን አምቆ የሚያወጣው ክፍል) የቀደመው ትውልድ ነው፣ ለቪዲዮ ሰው አልመክርም።

አዌቱ ማዶ፦

እህቴ አመሰግናለሁ። ካሜራዬ 4ኬ፣ 8 ቢት ነው። አሁን ኬዙን ፈታሁት። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 200 ዋት ይላል፣ ትርፍ ገመድ የለውም። ኬዙ ጠባቡ ዓይነት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ኤም.2 ቀዳዳ (ኤስኤስዲ የሚሰካበት) አለ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ባዶውን ተቀምጧል። ውስጡ ያለው አቧራ ግን ድንች ይተከልበታል።

የጥገና ሰው፦

ልጄ፣ እኔ ስንት ማሽን ከፍቼ ዘግቻለሁ፣ ልጆቹ ያላሉህን ልጨምር።

ኤም.2 ቀዳዳ ማየት ብቻ አይበቃም። ቅርጹ አንድ ሆኖ ውስጡ ሳታ የሆነ አለ፣ ኤንቪኤምኢ የሆነ አለ። የማሽኑን ሞዴል ይዘህ የትኛውን እንደሚቀበል አረጋግጥ። ፒሲአይ 4 ኤንቪኤምኢ ብታገኝም ባንተ ቦርድ ላይ በ3 ፍጥነት ይሠራል፣ ጉዳት የለውም።

ሁለተኛ፣ ርካሽ ኤስኤስዲ ስትገዛ ቲኤልሲ ነው ኪውኤልሲ ብለህ ጠይቅ። ቲኤልሲው በአንድ ሴል (የሚሞሪው ትንሿ ክፍል) ውስጥ 3 ቢት ይይዛል፣ ኪውኤልሲው ግን 4 ቢት ያጭቃል። መጀመሪያ ፈጣን ነው፣ ምክንያቱም የተወሰነውን ቦታ እንደ መሸጋገሪያ ይጠቀማል። ያ ሲሞላ ግን ይወድቃል፣ አንዳንዱ ከሀርድ ዲስክ በታች። ለጸሐፊ ምንም አይደል፤ አንተ ግን የሦስት ካሜራ ፋይል በአንዴ ነው የምትገለብጠው።

ሦስተኛ፣ እኔ ራሴ ተበልቻለሁ። ከአንድ ሻጭ 2 ቴራ የተባለ ውጫዊ ኤስኤስዲ ገዛሁ። ቀለል አለኝና ስከፍተው ሚሞሪ ካርድ በሙጫ ተለጥፎበታል። ኮምፒውተሩ ላይ 2 ቴራ ያሳያል እኮ! ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት፣ ካልሆነም በዚያው ቀን፣ ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ በምትባል ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን ጽፈህ አንብበው። ሰዓታት ይፈጃል። ይፍጅ።

መብራቱን በተመለከተ፣ የተራ ኤስኤስዲዎች ችግር ሲጠፋባቸው በመጻፍ ላይ የነበረው ዳታ መጥፋቱ ነው፤ የሰርቨሮቹ ይሄን የሚይዝ ካፓሲተር አላቸው፣ የእኛዎቹ የላቸውም። ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ያስፈልግሃል። ዩፒኤሱ ላይ የሚጻፈው 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ 360 ወይም 390 ዋት ነው፣ ላንተ ማሽን ግን ይተርፋል። ሬንደር ለመጨረስ አይደለም፣ ሴቭ አድርገህ ለማጥፋት ነው። አሮጌውን ሀርድ ዲስክ እንዳትጥለው፣ ያለቁትን ሰርጎች እሱ ላይ አስቀምጥ። ለዓመታት ሳይበራ መሳቢያ ውስጥ ለሚቀመጥ ፋይል ከኤስኤስዲ እሱ ይሻላል።

ዋት ቆጣሪ፦

ሬንደር በሌሊት፣ 3050ውን እቀበላለሁ፣ 70 ዋት ሲባል ልቤ ይራራል። ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም፦ ኤስኤስዲ፣ ዩፒኤስ፣ ከዚያ ካርድ።

ሬንደር በሌሊት፦

እሱን መች ተቃወምኩ? አንተ ነህ ካርድ የሚገዛን ሰው ሁሉ ጉረኛ ያደረግከው።

አዌቱ ማዶ፦

ወገኖቼ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ቦርዱ ኤንቪኤምኢ ይቀበላል። 1 ቴራ ቲኤልሲ ገዛሁ፣ ጋሼ ባሉት ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ፈተንኩት፣ እውነተኛ ነው። ዊንዶውሱን ከእነፕሮግራሙ ገለበጥኩት። ዛሬ ጠዋት ቡናው ገና ሳይቆላ ፕሪሚየር ተከፍቶ ጠበቀኝ፣ ምን ላድርግ ብዬ ቁጭ አልኩ። ኤክስፖርቱ ግን ያው ነው፣ ንቅንቅ አላለም፣ ሬንደር በሌሊት እንዳልሽው ካርዱ የግድ ነው።

3050 ባለ 6 ጊጋ፣ ለጠባብ ኬዝ የሚሆነውን አጭሩን፣ ጅማ ላይ ያየ ሰው ካለ ይጻፍልኝ። ካልሆነም ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው።